ከአስፋልቱ በታች ያለው ውሃ

ጨፌ ቡርቃ ከአሰላ ወደ ኢተያ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። አስፋልቱ ለሁለት ይከፍላታል። ከአስፋልቱ በላይ ሱቁ፣ ባንኩ፣ ጤና ጣቢያውና የማዘጋጃ ቤቱ ቢሮ አሉ። ከአስፋልቱ በታች ግን ስንዴ ይዘራል፣ ከብት ይታሰራል፣ ክረምት ሲገባም የጋሪ ፈረስ ከጭቃው የሚወጣው በመከራ ነው። የታችኞቹ ቀድሞ ገጠሬ ነበሩ። ከተማዋ ስትሰፋ ነው አንድ ቀን ተሰብስበው "ከዛሬ ጀምሮ ከተሜ ናችሁ" የተባሉት። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አሰፋች እጇን ከነጠላዋ ውስጥ አላወጣችም።

ጎረቤቷ አሚራ በኦሮምኛው የአክብሮት አጠራር "ምነው አዴ፣ ደስ አላለሽም?" ብትላት፣ "ሲሆን አየዋለሁ" አለቻት።

አሰፋች እንዲህ ናት። አያቶቿ ከሸዋ መጥተው እዚህ ደጋ ላይ ከሰፈሩ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ እሷም ያደገችው ከአርሲ ልጆች ጋር ስለሆነ ኦሮምኛውን እንደ አማርኛዋ ትናገረዋለች። በሁለቱም ቋንቋ ግን ሰው በቀላሉ አታምንም። ጨው ስትገዛ ቀምሳ ነው። መድኃኒት ሲሰጧት ለምን እንደሆነ ሁለት ሰው ትጠይቃለች። ባሏ ገብረ መድህን በሕይወት ሳለ "አንቺ እኮ ፀሐይ ወጣች ቢሉሽ ወጥተሽ ነው የምታረጋግጪው" እያለ ይስቅባት ነበር። እሷም "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ለመጠርጠሯም ምክንያት አላት። ሰፈሩ ከከተማው በተቀላቀለ ሰሞን የመብራት ምሰሶ ተተከለ፤ ንግግር ተደረገ፣ ፎቶ ተነሣ። ሽቦው ግን ለዓመታት ሳይመጣ ቀረ። ምሰሶው ላይ ጭልፊት ሲያርፍበት ኖረ። ገብረ መድህን አምፖሉን ገዝቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ነበር፤ መብራቱ ሳይመጣ ሞተ። ከዚያ ወዲህ አሰፋች የማዘጋጃ ቤት ሰው ሲያናግራት ዓይኑን ሳይሆን እጁን ነው የምታየው።

የሕዝብ ውሃ መቅጃው ቦኖ ሲተከል ግን ውሃው እውነት ሆኖ ተገኘ። ከአስፋልቱ በታች፣ ከጎረቤታቸው ከቱሳ ማሳ ጫፍ ላይ፣ የሲሚንቶ መደብ ተሠርቶ ቧንቧ ቆመ። ጠዋት ጠዋት ውሃው እየዘለለ ይወርዳል። አሰፋች የምትተዳደረው በሁለት የተዳቀሉ ላሞች ወተት ነው፤ ወተቱን አስፋልቱን ተሻግራ ለሻይ ቤቶች ታስረክባለች። የተዳቀለ ላም ደግሞ ውሃ ካላገኘ ወተት አይሰጥም። ቦኖው ሳይመጣ በፊት ወንዝ ወርዳ በአህያ ትቀዳ ነበር፤ ጉልበቷን የጨረሰው ያ ቁልቁለት ነው። ስለዚህ ውሃው ሲመጣ፣ አፏን ሞልታ ባትናገረውም፣ አንጀቷ ራሰ።

ባለፈው በጋ ነው ነገሩ የተበላሸው። ጠዋት ጄሪካናቸውን ደርድረው ሲጠብቁ ቧንቧው ትንሽ ይንፈቀፈቅና ጭጭ ይላል። ውሃው የሚመጣው ፀሐይ ከበረታች በኋላ ነው፤ እሱም እንደ ክር ቀጥኖ።

"ቢሻን ሂንጂሩ፣ አዴ" አለቻት አሚራ አንድ ጠዋት። "ዛሬም ውሃ የለም። ድርቁ ነው መሰለኝ።"

"ድርቅ ሰዓት ያውቃል እንዴ? ጠዋት ደርቆ ከሰዓት የሚመጣ ድርቅ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?"

አሰፋች ማሰሮዋንም ጄሪካኗንም እዚያው ትታ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ወጣች። የውሃ ክፍሉ ሠራተኛ ከወንበሩ ሳይነሣ "መብራት ስለሚቆራረጥ ፓምፑ አይሠራም፤ ችግሩ አገር አቀፍ ነው፣ እናቴ" አላት። ይህን ሲላት ከጀርባው ያለው ማተሚያ ወረቀት እየተፋ ነበር። የፓምፑ ቤት ደግሞ ከአሰፋች ማሳ ማዶ ነው፤ ሞተሩ ማለዳ ሲጮህ ላሞቿ ጆሯቸውን ያቆማሉ። ያን ዕለትም ሲጮህ ሰምታዋለች።

አልተከራከረችውም። ወጥታ ደረጃው ላይ ቆመችና አስፋልቱን የጎሪጥ አየችው። ውሃው ከታች፣ ከእነሱ ወገን ይመነጫል። ፓምፑ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ኮረብታው ላይ ወዳለው ታንከር ይገባል፣ ከዚያ ነው ተመልሶ ወደ ታች የሚወርደው። እንግዲህ ከወጣ በኋላ ሳይወርድ የሚቀር ከሆነ፣ መሀል ላይ የሚጠጣው አለ ማለት ነው።

ማን ይጠጣዋል? አስፋልቱ ዳር የሌዊ ላቫጆ አለ። ጠዋት ጠዋት ስንዴ ሊጭኑ የሚመጡ ከባድ መኪናዎች እዚያ ይታጠባሉ፤ አረፋው እስከ መንገዱ ይፈሳል። አሰፋች ከዚያን ቀን ጀምሮ ወተቷን ስታስረክብ ዓይኗን ከላቫጆው አልነቀለችም።

ብዙም አልቆየች፤ አገኘችው። አንድ ማለዳ ጉሙ ገና ከጭላሎ ተራራ ላይ ሳይነሣ፣ ወንደሰን የሚባለው የቧንቧ ሠራተኛ ረጅም የብረት ቁልፍ በትከሻው ይዞ ሲመጣ አየችው። አስፋልቱ ዳር ያለውን የብረት ክዳን አነሣ፣ ቁልፉን ወደ ጉድጓዱ ሰደደና ያዞር ጀመር። አሰፋች ከባሕር ዛፉ ጀርባ ሆና ታየዋለች። ሲጨርስ ግራ ቀኙን አየ፣ ክዳኑን በእግሩ ገፍቶ መለሰና በቀጥታ ወደ ሌዊ ላቫጆ ገባ። ሌዊ ሻይ ሰጠው። ከአጠገባቸው አንድ የጭነት መኪና ውሃ ይርከፈከፍበታል።

አሰፋች በቀጥታ ወደ ቦኖው ወረደች። ቧንቧውን ከፈተችው፤ ደርቋል።

ለአሚራ ስትነግራት አሚራ ራሷን ነቀነቀች። "ወንደሰን? ቦኖው ሲሰበር ዝናብ ላይ ቆሞ የጠገነልን እሱ አይደል? ጥሩ ልጅ ነው።"

"የእባብ ልብ አይቶ እግር ነሣው" አለች አሰፋች። "በዓይኔ ነው ያየሁት።"

በሳምንቱ ማዘጋጃ ቤቱ ሕዝቡን ስብሰባ ጠራ። አጀንዳው ስለ ጽዳት ነበር። አሰፋች እጇን አውጥታ ስትነሣ ሰዉ ሁሉ ዞረ፤ በስብሰባ ተናግራ አታውቅም።

"እኛ ከታች ያለነው ውሃ የምናጣው በመብራት አይደለም" አለች። "የሚዘጋብን ሰው አለ። ይኸው እዚያ የተቀመጠው ወንደሰን ነው። ጠዋት ዘግቶ ወደ ሌዊ ላቫጆ ሲገባ አይቼዋለሁ። ዋሽቼ እንደሆነ ይነሣና ይናገር።"

አዳራሹ ተንጫጫ። ሌዊ "ኧረ በእግዚአብሔር፣ እኔ ምን አገባኝ" እያለ ተነሥቶ ቢያስረዳም የሚሰማው አላገኘም። ወንደሰን ቀስ ብሎ ቆመ። ከዴራ ቆላ የመጣ፣ ቀጠን ያለ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው።

"መዝጋቱን ዘግቻለሁ" አለ። "ለላቫጆ ግን አይደለም።"

"ማን አዘዘህ ታዲያ?" አለ ቱሳ ከኋላ።

ወንደሰን መድረኩ ላይ ወደተቀመጠው የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ቀና ብሎ አየ። ሥራ አስኪያጁ የውሃውን ጠርሙስ አነሣ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው።

"ማንም አላዘዘኝም" አለ ወንደሰን፤ ተቀመጠ።

በማግስቱ ከሥራ ታገደ። ከታች ያሉት ሰዎች አሰፋችን በየመንገዱ እያቆሙ አመሰገኗት፤ ቱሳ ሳይጠየቅ የገለባ ጭነት በጋሪ አምጥቶ ለላሞቿ አራገፈላት። ውሃው እንደ ድሮው ማለዳ መዝለል ጀመረ። አሰፋች ላሞቿን እያጠጣች ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ግን ያ የጠርሙስ ክዳን ከዓይኗ አልጠፋ አለ። ሰውየው ለምን ወደ ሥራ አስኪያጁ አየ? ሥራ አስኪያጁስ ለምን ወደ ጠርሙሱ አቀረቀረ? ጥፋተኛ ሰው ሲጋለጥ የሚያየው ከሳሹን ነው። ይህኛው ግን ምስክሩን እንደሚፈልግ ሰው ነበር የተመለከተው።

ጥቂት ቀናት አልፈው አንድ ባጃጅ ቦኖው አጠገብ ቆመ። ከውስጡ ነጭ ጋውን የለበሰች ወጣት ባዶ ጄሪካኖች እያወጣች ወረፋ ያዘች። ሶፊ ነበረች፣ የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ፤ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች ናት። ሰው ሁሉ "እለፊ፣ እለፊ" አላት። አሰፋች ግን መንገዱን አልለቀቀችም።

"ጤና ጣቢያው ቧንቧ የለውም እንዴ?" ብላ ጠየቀቻት።

"ቧንቧስ አለን፣ እማማ። ውሃ ነው የሌለን።"

"ታንከሩ ከጀርባችሁ አይደለም? ከእናንተ አልፎ አይደል ወደ እኛ የሚመጣው?"

"እኛ ከፍታው ላይ ስለሆንን ታች ሲከፈት ውሃው እኛ ጋ አይቆምም፤ ሁሉም ወደ ታች ይወርዳል። ቀድሞ ከወንዝ ነበር የምናስቀዳው፤ በዚህ በጋ ግን ወንደሰን ጠዋት ጠዋት የታችኛውን ዘግቶ በርሜላችንን ያስሞላን ነበር። እሱ ከታገደ ወዲህ ይኸው እንደምታዪኝ…" አለችና ራሷን አርማ "እንደሚያዩኝ" አለች።

አሚራ አሰፋችን አየቻት። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ያፍር ነበር፤ የአሰፋች ልብ ግን አልቀበል አለ። ነርሷን እንዲህ በይ ብሎ ያስተማራት ሰው ቢኖርስ? ሌዊ ገንዘብ ያለው ሰው ነው።

"ጄሪካንሽን ሙዪ" አለቻት። "እኔም አብሬሽ እወጣለሁ።"

በባጃጁ ተጭነው ወጡ። አሰፋች ጤና ጣቢያው እንደደረሰች ማንንም ሳታስፈቅድ ከክፍል ክፍል እየገባች ቧንቧዎቹን ከፈተች። አንዱም ጠብ አላለም። ማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ አንድ ገበሬ በሁለት እጁ ባልዲ ይዞ ቆሟል፤ ከየት እንዳመጣው ብትጠይቀው ከወንዙ ነው አላት። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። በውስጥ ሚስቱ ታምጣለች። ሶፊ ያመጣችውን ውሃ እየቀነሰች እጇን ስትታጠብ፣ ውሃው እንዳይባክን ከሥር ሣህን አድርጋ ነበር።

አሰፋች ኮሪደሩ ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ከውስጥ የሚመጣው ድምፅ የራሷን ምጥ አስታወሳት፤ የበኩር ልጇ የተወለደው በቃሬዛ ወደ አሰላ ሲወስዷት መንገድ ላይ ነው፤ አላደገም። ያኔ ጨፌ ቡርቃ ጤና ጣቢያ አልነበራትም። ሕፃኑ ሲያለቅስ እስክትሰማ ድረስ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ወንደሰን ሄደች። ቤቱን ስትጠይቅ ወደ ላቫጆው ጠቆሟት፤ ለካ ከሌዊ ግቢ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነው የሚኖረው። በሩ ላይ ተቀምጦ ልብሱን ያጥባል። ሲያያት ተነሣ፤ ይግቡ አላላትም፤ ይሂዱም አላላትም።

"ለጤና ጣቢያው ነው የምትዘጋው?" አለችው።

"አይተው የመጡ ይመስላል።"

"ላቫጆውስ በምን ነው የሚያጥበው?"

ወንደሰን ወደ ግቢው ጥግ በአገጩ አሳያት። አሰፋች ሄዳ ሣንቃውን አነሣች፤ የጉድጓድ ውሃ ነው። ጠጠር ወረወረችና ጆሮዋን ሰጠች። ጠጠሩ ውሃ ላይ ሲወድቅ ሰማች። ሌዊ ከሩቅ ሆኖ ያያታል።

ተመልሳ ወንደሰን ፊት ቆመች። "ለምን አልተናገርክም? አፍ የለህም?"

"ብናገር እርስዎ ይፈቅዱ ነበር? ላሞቼ ውሃ ይጠሙ፣ የማላውቃት ሴት ትውለድበት ይሉ ነበር?"

አሰፋች አሰበችና "አልልም ነበር" አለች።

"እኔም እንደዚያ ነው ያሰብኩት።"

"ሥራ አስኪያጁ ግን ያውቅ ነበር።"

ወንደሰን የጨመቀውን ሸሚዝ ገመዱ ላይ ሰቀለ። "ነግሬው ነበር። እንደሚሆን አድርግ፣ እኔ ግን አልሰማሁም አለኝ።"

"ታዲያ እሱ ፊት ለምን ደበቅከው?"

"ነገ የሚመልሰኝም እሱ ነዋ" አለ፤ እንደ መሳቅም ቃጣው። ቀጥሎ ግን ፊቱ ጠቆረ። "እማማ፣ መጠርጠርዎ ትክክል ነው፤ ሰውየውን ነው የሳቱት። ከታንከሩ የሚወጣው ውሃ ለላይም ለታችም ሊበቃ ይገባ ነበር። ከታንከሩ ሥር የተቀበረው ቧንቧ የሚጠብ ይመስለኛል። ሲቀበር እኔ አልነበርኩም። ቆፍረን እንየው ብዬ ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ።"

አሰፋች ይህንንም ወዲያው አላመነችውም። ከራሱ ላይ ጥፋት ለማውረድ የሚናገር ሰው ብዙ ነው። ቢሆንም በማግስቱ አሚራንና ሌሎች ሴቶችን አስከትላ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። ሥራ አስኪያጁ በፈገግታ ተቀበላቸው፤ ወንበር አስመጣ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው፤ አሰፋች ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም።

"ከታንከሩ ሥር ይቆፈርና ቧንቧው ይታይ" አለች።

"እናቴ፣ እሱ የባለሙያ ጉዳይ ነው። በጀት ይጠይቃል፣ ጥናት ይጠይቃል…"

"ጥናቱን እናንተ ያዙት። አካፋና ዶማ እኛ ጋ አለ።"

"ሕዝብ ተነሥቶ የመንግሥት ንብረት አይቆፍርም።"

"እንግዲያው እርስዎ ቆመው ያስቆፍሩ። ካልሆነ ግን በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥቼ ወንደሰን ያኔ ወደ ማን እንዳየ እጠይቃለሁ።"

የሥራ አስኪያጁ ፈገግታ በከንፈሩ ላይ ቀረ፤ ከዓይኑ ግን ጠፋ። በኋላ ግን ሰው ልኮ መቆፈር ትችላላችሁ አላቸው።

የእድሩ ወንዶች ቱሳን አስቀድመው ዶማ ይዘው ወጡ። አፈሩ በበጋ ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኖ ነበር። የላይኞቹም የታችኞቹም ሰዎች ዙሪያውን ከበቡ፤ ባለ ሱቆች፣ የባንኩ ዘበኛ፣ ሶፊም ለጥቂት ደቂቃ ወጥታ ቆመች። ወንደሰን እንዳልታገደ ሁሉ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ በእጁ አፈር ይጠርጋል። ከታንከሩ የሚወጣው ብረት ወፍራም ነው። ትንሽ ወረድ ሲሉ ግን መጋጠሚያው ብቅ አለ፤ ከዚያ ወዲያ የተቀበረው፣ አንድ ግቢ ለማጠጣት ብቻ የሚበቃ ቀጭን የፕላስቲክ ቧንቧ ነው። ኮረብታው ግርጌ ሲደርስ ደግሞ ተመልሶ ወፍራም ይሆናል። ቀጭኑ በአፈር ተሸፍኖ፣ ወፍራሙ ሰው በሚያየው ቦታ ነበር የተሠራው።

ቱሳ ዶማውን ተደግፎ "በጋውን ሙሉ እርስ በርስ ስንተያይ ይሄ እዚህ ተኝቶ ነበር" አለ በኦሮምኛ።

ማን እንደቀበረው እስከ ዛሬ በግልጽ አልተነገረም። ሥራውን የወሰደው ተቋራጭ ሌላ አገር ሄዷል ተባለ፤ ሥራውን ተረክቦ የፈረመው ደግሞ ተዛውሯል ተባለ። አሰፋች ሁለቱንም አላመነችም፤ የሚያስረዳት ግን አላገኘችም። ቧንቧው እስኪቀየር ድረስ ሰዉ ተሰብስቦ ውሃውን በግልጽ ተከፋፈለ፤ ማለዳ ለጤና ጣቢያው፣ ከዚያ በኋላ ለታች። ከታች ያሉት አንዳንዶች አጉረመረሙ። አሰፋች "እሺ፣ የምታምጥ ሚስት ያለችው ይናገር" ስትል ጉርምርምታው ቆመ።

ወንደሰን ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ግን አልሰነበተም። ወደ ኦጎልቾ ዝውውር ጠይቆ ተፈቀደለት። ሊሄድ ሲል አሰፋች እርጎ በቅል ይዛ ሄደች። ዕቃውን ጋሪ ላይ ሲጭን አገኘችው።

"በሰው ፊት ነው ያዋረድኩህ" አለችው። "በቁፋሮው ዕለትም በሰው ፊት ስህተቴን ተናግሬያለሁ። ግን የሚበቃ አይመስለኝም።"

ወንደሰን እርጎውን ተቀበለና በጥንቃቄ ፍራሹ መሀል አስቀመጠው። "ሌዊን ይቅርታ ጠይቀውታል?"

"ጠይቄዋለሁ።"

"ምን አለ?"

"የጉድጓዱን ክዳን ድጋሚ አታንሺብኝ አለ።"

ወንደሰን ሳቀ። ቀጥሎም "እኔ አልተቀየምኩም ብል ውሸት ነው" አላት። "እዚያ አዳራሽ አንድ ሰው እንኳ ወንደሰን ይህን አያደርግም አላለም። እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ ዝናብ ላይ ቆሜ የጠገንኩላቸው ሁሉ። ከዚያ በኋላ እዚህ ውሃ ስከፍትም ስዘጋም ጀርባዬን ሲያዩኝ ይሰማኛል። ሰው እንደዚያ መሥራት አይችልም።"

አሰፋች ጋሪው እስኪነሣ ቆማ ሸኘችው፤ ፈረሱ አስፋልቱን ይዞ ሄደ።

ክረምት ሳይገባ ቧንቧው በግማሽ ተቀየረ። ቀሪው በሚመጣው በጀት ይቀየራል ተብሏል። ሰዉ የውሃ ኮሚቴ ሲመርጥ አሰፋችን አስገባት፤ እምቢ ብትልም አልተዋትም። አሁን ወተቷን ካስረከበች በኋላ ኮረብታውን ወጥታ የተተከለውን ቧንቧ ታያለች፤ ቁፋሮው ክፍት ሳለ ካልታየ አፈር እንዳይመለስበትም አስወስናለች። ከወንደሰን ቦታ የተመደበው አዲሱ ሠራተኛ አንድ ጠዋት ቁልፉን ይዞ ወደ ጉድጓዱ ሲሄድ አሰፋች አየችው። እግሯ ወደ ባሕር ዛፉ ሊወስዳት ነበር። ተመለሰችና በግልጽ ወደ እሱ ሄዳ "ልጄ፣ ምን እያደረግህ ነው?" ብላ ጠየቀችው። ለጤና ጣቢያው ሊያስሞላ የታችኛውን እንደሚዘጋ ነገራት። እሷም መልሱን እስኪጨርስ ድረስ አዳመጠችው፤ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያው ወጥታ ቧንቧውን ከፍታ አየች።